ከግድቡ ስር የተቀዳ

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከሪፖርቱ ሳያነሳ እጁን ወደ ኩባያው ሲሰድ፣ ውሃውን ያቀረበው ሽማግሌ ትሪውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ሽማግሌው ሃያ ስድስት ዓመት የግድቡ ጠባቂ ነበር። በየማለዳው ከግድቡ ግርጌ የሚሰርገውን ውሃ በብርጭቆ እየቀዳ ወደ ፀሐይ ያነሳው ነበር፤ ውሃው ከጠራ ግድቡ ደህና ነው፣ ከደፈረሰ ግን ውስጥ ውስጡን እየተበላ ነው። ደፈረሰ ብሎ ሦስት ጊዜ ቢጽፍ፣ ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ሳቀበት። «ውሃ ውሃ ካልክማ ና፣ ለነዋሪዎች ስብሰባ ውሃ ታቀርባለህ» አለው።

ይኸው አቀረበ።

«ግድባችን ገና ሃምሳ ዓመት ያገለግላል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ አለና ተጎነጨ። ፊቱ ተኮማተረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየው ሊውጠው ታገለ፤ አሸዋው ግን ጥርሱ ስር ተንቀጫቀጨበትና ሪፖርቱ ላይ ተፋው። ወረቀቱ ጭቃ መሰለ። የሽማግሌው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«ምንድን ነው ያጠጣኸኝ አንተ?»

«ዛሬ ጠዋት ከግድቡ ስር የቀዳሁትን ነው፣ አለቃ። እኔ የቻልኩት አንድ ኩባያ ነው። ቤትዎ ከግድቡ ቁልቁል ስለሆነ፣ የቀረው ራሱ ይመጣልዎታል።»

ከነዋሪዎቹ ጋር ከፊት ወንበር የተቀመጠችው የሥራ አስኪያጁ ሚስት ሕፃኗን አቅፋ ተነሳች። ባሏን ዞር ብላም አላየችው። በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«አባባ» አለችው፣ «ስንት ቀን አለን?»