የተከለለው ጥያቄ

ማሙሽ ዓለሙ በሬዲዮ ጣቢያው የሞት ማስታወቂያ አንባቢ ነበር። ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ ድምፁ እንደ በገና ክር የሚርገበገብ ወጣት ነውና፣ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች በየማለዳው እንደ ገዛ አጎቱ እያዘነ ይሸኛቸዋል። ምኞቱ ግን ሌላ ነበር፤ ከሕያዋን ጋር መነጋገር።

ዕድሉ በመጨረሻ መጣ። እሑድ እሑድ ከታላላቅ አሳቢዎች ጋር የሚደረገውን ጭውውት የሚያዘጋጀው ሰው ሥራ ለቀቀ። አለቃው እፀገነት ማሙሽን ጠራችው።

"የመንዙን ሊቅ፣ የየኔታ መርስዔ ኃዘንን ድምፅ ካመጣህልኝ ፕሮግራሙ የአንተ ነው" አለችው። "ካላመጣህ ወደ ሟቾችህ ትመለሳለህ።"

የኔታ መርስዔ ኃዘን በክርስትና ስማቸው የሚታወቁ፣ ቅኔያቸውና እንግዳ አስተሳሰባቸው አዲስ አበባ ድረስ የተሰማ፣ ራሳቸው ግን ከአገራቸው የማይወጡ፣ ፎቶግራፍ መነሣት የማይወዱ ሰው ነበሩ።

ማሙሽ ወደ ራቤል በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ጓሳ ከተባለው የመንዝ ሣራማ ደጋ ላይ ወረደ። ብርዱ እንግዳን በጆሮው ይዞ የሚቀበል አገር ነው። መንገድ ላይ ያገኛትን ሴት የየኔታን ቤት ቢጠይቃት፣ "ለተዝካሩ ነው? ዳሱ እኮ ያውልህ" ብላ በአገጯ አመለከተችው።

እንዲህ ተጉዞ፣ እንዲህ ተመኝቶ፣ ዘገየ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ጥለቱ የደመቀ ነጠላ ለብሰው፣ ጠጕራቸውን ተሠርተው ከደጅ ተቀበሉት። የሊቅ ሚስት ሐዘኗን በልቧ እንጂ በልብሷ አትሸከምም ሲል ማሙሽ አደነቃቸው።

"እግዚአብሔር ያጥናዎ፣ እናቴ።"

"አሜን፤ ማጥናቱስ ያሻኛል" አሉና ከአንድ ከሲታ ሽማግሌ ጎን አስቀመጡት። "ፈንታ፣ እንግዳውን አጫውት። ደግሞ ከመሶቡ እንዳትነሣ፤ ዛሬ ያንተ ሥራ መብላት ነው።"

ማሙሽ ቴፑን ከፈተ። "የኔታን በቅርብ ያውቋቸው ነበር፣ አባባ ፈንታ?"

"እሱን? ሲዋሽ ሳይቀር አውቀዋለሁ።"

"መቼ ነው ያረፉት?"

"ጌታነሽ ባለችበት ቤት ምን ዕረፍት አለ" አሉ ሽማግሌው እንጀራ እየጠቀለሉ። "ስምህ ማን ነው፣ ልጄ?"

"ማሙሽ።"

"ይሁን። ታድጋለህ።"

ማሙሽ ትዕግሥቱን ሰብስቦ ስለ ሊቁ አስተሳሰብ ጠየቀ።

"ሊቅ ይሉታል እንጂ" አሉ ፈንታ። "አንድ ክረምት ሙሉ ጓሳ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲያይ ከረመ። ሐሳብም እንደ ጓሳ ይከለላል ባይ ነው። እኛ ጓሳውን ለዓመታት ከማጭድም ከከብትም እንከልለውና፣ ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ እንከፍታለን። እሱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመርጥና እንዳያስበው በራሱ ላይ ይከለክላል። 'በየቀኑ የሚጋጥ ጥያቄ ቤት አይከድንም' ይላል። ስንፍና ነው ብዬ ነግሬዋለሁ።"

ማሙሽ ሽማግሌውን በሐዘኔታ ተመለከተ። ታናሽ ወንድማቸው ይሆናል፤ በታላቅ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡቃያ ሁሉ እንዲህ ይገረጣል። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው፤ ባትሪውም ደክሟል። ለቀናተኛ አፍ የሚባክን አልነበረም። ቴፑን ዘጋ።

"ዘጋኸው?" አሉ ፈንታ፣ ቅር ሳይላቸው።

"መሪጌታው በኋላ ውዳሴ ያቀርባሉ ሲሉ ሰምቼ፣ ለዚያ ላቆየው ብዬ ነው።"

"ደግ አደረግህ። እነሱ ያሳምሩታል።"

ከዚያም ሽማግሌው ይበልጥ ተፍታቱ። የቀበሌው ሰዎች የኔታን ለግምገማ ጠርተው "ድክመትህን ተናገር" ቢሏቸው፣ ከጧት እስከ ማታ ሲዘረዝሩ ውለው፣ ሰብሳቢው ራሱ "ይበቃል፣ አባቴ" ብሎ እንደ ለመናቸው አወጉ።

"ከዚያ ወዲህ አመል ሆኖበታል። የራሱን ነውር ካላወራ ምሳ አይወርድለትም" ብለው ጕርሻቸውን ዋጡ።

"ያልተከፈተ ጥያቄስ ቀርቷቸው ይሆን?" አለ ማሙሽ፣ ለይሉኝታ ያህል።

"አንድ አለ። በጕብዝናው የከለለው ነው። ሣሩ አሁን ከሰው ቁመት በልጧል።"

"ምን ይሆን?"

"ሲከፈት ትሰማለህ።"

መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ተነሥተው የየኔታን ጥበብና ትሕትና በማር አንደበት ሲያወድሱ ማሙሽ አንዲት ቃል ሳትቀር ቀዳ። ፈንታ አንገታቸውን ደፍተው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ጸጸት ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል አለ ማሙሽ በልቡ። ሕዝቡ ሲበተን ሁሉም የሽማግሌውን ጕልበት እየሳመ፣ "ይቀበልልዎ" እያለ ወጣ። ሽማግሌ የሚከበርበት አገር ነው።

አዲስ አበባ ሲመለስ እፀገነት ካሴቱን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። "ውዳሴ ጭውውት አይደለም፣ ማሙሽ። እንግዲህ ወደ ሟቾችህ።"

እሱም ወደ ሟቾቹ ተመለሰ። ግን የየኔታን ዜና ዕረፍት ራሱ ጻፈው። የመንዝን ተራሮች ማቅ አለበሳቸው፤ የጓሳን ሣር አስጎነበሰው፤ ቅኔን ያለ አባት አስቀራት። በማለዳው ሲያነበው የድምፅ ባለሙያዋ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። በሕይወቱ እንዲያ አምሮ አንብቦ አያውቅም።

ከስቱዲዮ ሳይወጣ ለስልክ ተጠራ፤ ከራቤል ነው አሉት።

"ማሙሽ፣ ልጄ" አለ የፈንታ ድምፅ፣ "ያን የከለልሁትን ጥያቄ፣ 'ስሞት ዓለም ምን ትሆናለች?' የሚለውን፣ ከፈትህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ፤ ጌታነሽ ግን 'የቁም ተዝካርህን በላ፤ ለቀብርህ ምን አስቸኰለው?' እያለች ነው።"