የእማማ ጥሩወርቅ ምራቂ

ሰላም ሪያድ፣ ጀራዲያ ሰፈር ያለውን ክፍል ከሙሉነሽ ጋር መጋራት ከጀመረች ወዲህ አንድ ነገር አልዋጥልሽ ብሏታል። ሰው እንዴት እናቱን አያናግርም?

ሙሉነሽ በኢንተርኔት ገበያ ከአማራ ሳይንት ገበሬዎች የመድኃኒት ቅጠል እያዘዘች ሪያድ ላሉ ሐበሾች ታከፋፍላለች። ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም። ገበያው ላይ ብዙ ሻጭ አለ፤ እሷ ግን የምትገዛው ከእማማ ጥሩወርቅ ብቻ ነው። አሮጊቷ ከጓሯቸው ለቅመው፣ በጥላ አድርቀው በመንገደኛ ይልካሉ። ከጥቅሉ ጋር ምራቂ አይጠፋም፤ በነጭ ፈትል የታሰረች አንድ እስር ዳማከሴ።

«ይቺ አትሸጥም። ለራስ ምታትሽ ናት፣ የሺዬ» ይላሉ በድምፅ መልእክት።

የሺ ማለታቸው ሰላምን አልገረማትም። ሪያድ ውስጥ ሁለት ስም ያለው ሰው ሞልቷል፤ አንዱ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢቃማው፣ አንዱ የእናት። የገረማት ለእናቷ የምትሰጠው መልስ ነው። ሙሉነሽ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም። «ደህና ነኝ፤ ማዳሜ ስልክ አታስወራኝም» ብላ ትልካለች። ውሸቷን ነው። ማዳሟ እንኳን ልትከለክላት ካርድ የምትሞላላት ደግ ሴት ናት።

አንድ ቀን ሰላም ሺፋ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ራሷን እያመማት መጣች። የሙሉነሽ ሻንጣ ክፍት ነበር፤ ምራቂዎቹ ከነፈትላቸው ተደርድረዋል።

«እህቴ፣ እስቲ አንዷን ስጪኝ። አንቺን እንደሆነ ራስሽን ሲያምሽ አይቼ አላውቅም።»

«ከሚሸጠው ውሰጂ። ያ የኔ አይደለም» አለችና ሻንጣውን ዘጋችው።

ሰላም ስስት መሰላት። ተቀየመቻት።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም ቤት ሳሉ የእማማ ጥሩወርቅ ድምፅ መጣ። ደክሟል።

«የሺዬ፣ ነገ ለቀዶ ጥገና ደሴ ሊወስዱኝ ነው። ሳውዲ ደርሻለሁ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ተርፌ መመለሴን እንጃ። አንዴ ብቻ ‹እማ› በይኝና ልሂድ።»

ሙሉነሽ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሰላም ብድግ አለች።

«ኸላስ! አሁን ትደውያለሽ» ብላ ስልኩን ነጠቀቻት። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ አንቺ? የኔ እናት በሕይወት ብትኖር በእግሬ ነበር የምሄድላት!»

«ብችል እኮ…»

«አንዲት ቃል ምን ያቅትሻል?»

ሰላም ደወለች። ስልኩ ብዙም ሳይጠራ ተነሣ።

«የሺ? የኔ ዓለም፣ አንቺ ነሽ?»

ሙሉነሽ ተስፈንጥራ ዘጋችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ይወርዳል።

«የሺን የመን በረሃ ላይ በነጠላዋ ገንዤ የቀበርኳት እኔ ነኝ።»