ጭቃ የማይበግረው ሰዓት

በ1955 ዓ.ም. ክረምት ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦይ የሚቆፍሩት ሠላሳ ሰዎች፣ የሚያሠራቸውን ካቦ አንለይን ባዩ ቁጥር ምራቃቸውን ይተፉ ነበር።

ሥራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ነው። ደመናው ፀሐይ አያሳይም፤ ሰዓት ያለው አንለይ ብቻ ነው። እሱም ለማንም አያሳይም። የመንገዱ ሥራ አለቃ የሆነው መሐንዲስ መኪና ወደ ወረታ ካለፈች በኋላ ዞር ብሎ እጅጌውን ይገልጥና የሥራ ማብቂያውን ፊሽካ ይነፋል።

«ይኸ ሌባ ከአሥራ አንድ እያሳለፈ በየቀኑ ሰዓት ይሰርቀናል» አለ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ማረው። ወታደር ሳለ ሰዓት ማየት የተማረ እሱ ብቻ ስለነበር ሁሉም አመኑት። ገንዘብ አዋጥተው ሰዓት እንዲገዛ በገበያ ቀን ወደ ነጋዴው መሐመድሰዒድ ሱቅ ላኩት።

መሐመድሰዒድ መጀመሪያ ወርቅማ ሰዓት አወጣ። ማረው የቆዳ ማሰሪያውን አሸት አሸት አድርጎ መለሰለት።

«በፎገራ ጭቃ ወር ሳይሞላው ይበሰብሳል።»

ሁለተኛው ስስ ነበር፤ ከዶማ ጋር አይውልም። ሦስተኛው ወፍራም ብረት ነው፤ ጀርባው ተጠምዝዞ ይጠብቃል፣ ማሰሪያው ሸራ ነው። መልኩ አያምርም፣ ዋጋው ግን ከሁሉም ያንሳል። ማረው ውኃ በጣሳ ለምኖ ነከረው። ባለሱቁ ፊቱን አዞረ። ሰዓቱ ሲወጣም ይቆጥር ነበር።

«ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተካክልልኝ» አለ ማረው።

ሰኞ ጠዋት አንለይ ሰዓቱን በማረው ክንድ ላይ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ጭቃ ለሚዝቅ ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል? አውልቀው።»

«ፈራህ?»

«ለእናንተ ብዬ ነው።»

ሠላሳውም ሳቁበት።

በምሳ ሰዓት ማረው ወደ መሐንዲሱ ሄደ። «ካቧችን ሰዓት ይሰርቃል፤ ዛሬ የሄዱ መስለው እዚያ ካለው ድልድይ ማዶ ይቆዩልን» አለው። መሐንዲሱ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እስከ ክርናቸው ጭቃ ውስጥ ነበሩ። መኪናዋ አለፈች። ፊሽካው ተነፋ። ወዲያው መሐንዲሱ ከድልድዩ ማዶ ብቅ አለ፤ አንለይ ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ደርቆ ቀረ። ሰዎቹ ዶማቸውን ጥለው ከበቡት። አንዱ ኮቱ ላይ ተፋበት።

ማረው ክንዱን ለመሐንዲሱ ዘረጋና መስተዋቱን የሸፈነውን ጭቃ በአውራ ጣቱ ጠረገ፤ ለአሥራ አንድ ገና ሃምሳ ደቂቃ ይቀረው ነበር።