ውሃ ቃል የገባችው እጩ

በዚያ ዘመን ሕጉ እንዲህ ነበር፦ እጩ ለሕዝብ ቃል የገባውን እስኪፈጽም ድረስ፣ ያው ነገር ከገዛ ቤቱ ይቋረጥበታል። ስለዚህ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ምንም ቃል ሳይገቡ ነበር የሚመረጡት።

የትንሹ ፓርቲ እጩ ትርንጎ ግን ቧንቧ የማያውቀውን ዳገት ወጥታ፣ እማማ የሺመቤት ደጃፍ ላይ፣ "ለምክር ቤት ምረጡን፣ እዚህ ውሃ እናስገባለን" አለች።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነበር።

"አንቺ፣ ልጁን ሳሙና እንደቀባሁት ውሃው ቀጥ አለ! ምን ተናገርሽ?"

ትርንጎም መለሰች፦ "የተናገርኩትን አላጥፍም። ከጎረቤት ጠይቅና አለቅልቀው።"

"ብትሸነፉስ?" አሉ እማማ የሺመቤት።

"እዚህ ውሃ እስኪገባ የእኔም አይከፈትም።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። "ነይ ልጄ፣ የላይ ሰፈሩን በር እኔ አንኳኳልሻለሁ።"