የተተኮሱት ደረሰኞች

የሂሳብ ሠራተኛዋ ምሳ በልታ ወደ ሥራ ተቋራጩ ቤት ስትመለስ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትታው የሄደችው የዓመቱ የማሽን ደረሰኝ ከሞላ ጎደል ከሰል መስሎ ጠበቃት። ቁራ ቢያያቸው ወንድሞቼ ብሎ ያቅፋቸው ነበር። የተቋራጩ እናት ካውያ ይዘው አንዷን ደረሰኝ እንደ ሙሽራ ሸሚዝ እያቃኑ ይተኩሳሉ። ነገ ኦዲተር ይመጣል፤ ደረሰኝ ከጠፋ የምትጠየቀው ሂሳቡን የፈረመችው እሷ ናት። እሷ ግን መቆጣቱን ረስታ፣ ካውያው ባለፈበት ሁሉ ጽሑፉ በጥቁር ሲዋጥ አፏን ከፍታ ታያለች።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ተጨማዶብሽ አሳዘንሽኝ፣ የኔ እናት።»

«ይሄ ወረቀት እኮ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል።»

«ከአንቺ በፊት የነበረውም ሰውዬ እንዲሁ ብሎ ክው አለ» አሉ እናት ደረሰኟን እያገላበጡ። «እኔም ያኔ ፈርቼ ለልጄ ነገርኩት። እሱ ግን ስቆ፣ ‹ግድ የለም እማዬ፣ ኦዲተር ሊመጣ ሲል ሁሌም ተኩሺልኝ› ብሎ ይሄን አዲስ ካውያ ገዛልኝ።»

ሠራተኛዋ ተራዋን የምትጠብቀውን የመጨረሻዋን ደረሰኝ ቀስ ብላ ሳበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።