ስምንተኛው ሕግ

ወይንእሸት ጨዋታውን ለመንደፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። በቢቸና የታሪክ መምህርት ናት። ተማሪዎቿ የአክሱምን ዘመን በፈተናው ማግሥት ስለሚረሱት፣ በእግራቸው እንዲገቡበት ፈለገች።

የጥንት ነጋዴዎች ወርቅ ወዳለበት አገር ሲወርዱ በቋንቋ አይግባቡም ነበር። ጨውና ብረታቸውን እሾህ አጥር ላይ አኑረው ዞር ይላሉ። ባላገሩ መጥቶ ከወደደው ዕቃ አጠገብ ወርቁን ያስቀምጥና እሱም ዞር ይላል። ከተስማሙ ይወስዳሉ፤ ካልተስማሙ ይጨመርበታል። አንድ ቃል አይወጣም። ወይንእሸት ይህን የአርባ ሰው ጨዋታ አደረገችው፤ ሙሉ ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ በዝምታ። በወርቁ ቦታ የግብጦ ፍሬ ይቀመጣል።

የተጫዋቾቹን ልብስ የምትሰፋው ሀኒያ ናት፤ ሞጣ ጨርቅ ቤት ያላት የኮሌጅ ጓደኛዋ። የጨዋታውን ሰባት ሕግ ከወይንእሸት ደብተር ላይ በስልኳ ፎቶ አንስታ ወስዳለች። ሌላ ቅጂ የለም።

"ለማንም እንዳታሳዪ" ብላታለች ወይንእሸት። ዞኑ ለዓመቱ በዓል አንድ አዲስ ትርኢት ይመርጣል፤ ሌላ ቦታ የታየ አይቀበልም።

"እኔ የምሸጠው ጨርቅ ነው፤ ወሬ አልሸጥም።"

ሲመሻሽ የጻፈችውን ለአባቷ ታነብላቸዋለች። መሪጌታ አካለ ወልድ ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኗል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስህተቱ ይሰማል። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያደምጡና "ድገሚው" ይላሉ። ትደግመዋለች። "እስቲ አንዴ።" ጆሯቸውም ደከመ ብላ ታዝናለች።

በደህናው ጊዜ ከደጃቸው የመጣ ሳይማር አልተመለሰም። "ያላወቀ ይማራል፤ አውቆ የደበቀ ግን ሌባ ነው" ይሉ ነበር። አሁን እሷ ማስተማር ስትውል ከየአገሩ ለሰላምታ ጎራ የሚሉ የቀድሞ ደቀ መዛሙርት ብቻ ቀርተዋቸዋል።

አንድ ማክሰኞ ስምንተኛ ሕግ ጻፈች። ጨውንም ወርቅንም አንድ ላይ የወሰደ ከተገኘ ሁሉም ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ፊቱን የሚያይ የለም። አነበበችላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ጧት ስታየው ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ርግማን መሰላት። ገጹን ገንጥላ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ሁለት ወር አለፈ። ጨዋታው ሊታይ አሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስንቄ ሞጣ ዘመድ ጠይቃ ተመለሰች።

"ጨዋታሽ እንዴት ደስ ይላል አንቺ።"

"የቱ ጨዋታ?"

"የግብጦው ነዋ። የሞጣ ወጣቶች ያለፈው ቅዳሜ ተጫወቱት። ነገም ይደግሙታል አሉ።"

ሀኒያ ጋ ሦስት ጊዜ ደወለች። ዝግ ነው። በማግሥቱ ለአባቷ "ሞጣ አድሬ እመጣለሁ" ብላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሜዳው ላይ የእሾህ አጥሩ ቆሟል። ጨው አለ፤ ግብጦ አለ። አንድ ረጅም ሰው ዱላውን ተደግፎ ሕጉን ያውጃል። ወረቀት አልያዘም፤ ዓይኑን ጨፍኗል። አንድ ቃል አልሳተም። ከዚያ አርባው ሰው ዝም አለ።

ከቀትር በኋላ አንዱ ጨውም ወርቅም ይዞ ተገኘ። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጡት።

ወይንእሸት ወደ ሀኒያ ጨርቅ ቤት ገሰገሰች። የጣለችውን እንኳ አልተዉላትም።

ሀኒያ እስከ ወገቧ አቡጀዴ ውስጥ ተቀብራ ትሰፋለች። "መጣሽ? ስልኬ ከተበላሸ ሁለት ቀኑ። ሰው ልልክብሽ ነበር።"

"ለስንት ሰው አሳየሽ?"

"ምኑን?"

"ሜዳው ከደጅሽ ሦስት መቶ እርምጃ ነው ሀኒያ።"

ሀኒያ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። "እኔም ትናንት ነው የሰማሁት። ከማን አገኛችሁት ብላቸው ከመምህር አሉኝ። አንቺ መስለሽኝ ከፍቶኝ ነበር። ያለ እኔ ልብስ አስጀመረችው ብዬ።"

"ደግሞ በእኔ ታላክኪያለሽ። ስምንተኛውንስ ከየት አመጣሽው?"

"ሕጉ ሰባት አይደል እንዴ?"

ወይንእሸት ሳቀች፤ ሳቁ ራሷንም ቀፈፋት። "አሥራ ሁለት ዓመት እህቴ ስልሽ ኖርኩ።"

"ወይንዬ፣ ቁጭ በይና..."

ጀርባዋን ሰጠቻት። ሀኒያ የሰፋችውን አርባኛ ልብስ በክንዷ እንዳንጠለጠለች እስከ መናኸሪያ ተከተለቻት። ሚኒባሱ እስኪነሳ መስኮቱ ሥር ቆማ ጠራቻት። ወይንእሸት አልዞረችም።

ቢቸና ስትደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አባቷ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ከፊታቸው ሦስት የደብረ ወርቅ ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

"ስምንተኛው" አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ "ጨውንም ወርቅንም አንድ ላይ የወሰደ ሁሉም ጀርባውን ይስጠው፤ በሉ ድገሙት፣ የሞጣዎቹ በሁለት ቀን ነው የያዙት።"