የአቶ ዳልጮ እጅ

ማኅሌት ከሶዶ መጥታ ዲምቱ አጠገብ ባለች መንደር ለጥናት መጠይቅ ስታስሞላ ዋለች። «ከማኅበረሰቡ የተገለለ ሰው አለ?» ስትል ሁሉም «የለም» አሏት።

መንገድ ዳር ግን አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ሰላም ሲላቸው አላየችም። ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው።

«ዳልጮ እባላለሁ። ከእድር ከተባረርኩ ወዲህ እጄን የነካ የለም» አሉ። «ምነው ባልጨበጥሽኝ፣ ልጄ።»

ምን አጥፍተው እንደሆነ በዚያው ሲያልፉ ያገኘቻቸውን የእድሩን ዳኛ ጠየቀች። ዳኛው አዛውንቱን አልፈው ማሳውን እያዩ፣ «ዳልጮ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም» አሉ።

ሶዶ ስትመለስ የቢሮዋ ዘበኛ ሰላምታዋን አልመለሰም። ቢሮ ገብታ ለባልደረባዋ ለእስራኤል እጇን ዘረጋች። እስራኤል ስልክ እያወራ ነበር። እሷን አልፎ በሩን እያየ፣

«ማኅሌት የምትባል ሰው እኛ ጋ የለችም» አለ።